በስልክ የወጣው ሰይጣን

ተኝቻለሁ አልልም፤ ጋደም ብያለሁ። መጋረጃው ስስ ስለሆነ የቀኑ ብርሃን እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ስተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አሁን ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ዘጠኝ ሲል እደውላለሁ። ነገ ጠዋት የልጄን ጉሮሮ ሊከፍቱት ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይኑራት አይኑራት ሐኪሞቹም እርግጠኛ አይደሉም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም፣ ዛሬ ግን እህቴ ለምና በስልክ እንድታናግረኝ አስማምታታለች። እኔም ልነግራት የሚገባ አንድ ነገር አለ፣ ያን ነገር ሳልናገር ከከፈቷት ከእንግዲህ በምን ፊቴ እንደምኖር አላውቅም። ሁለት ቀን ሆነኝ እንቅልፍ በዓይኔ ካልዞረ። ጠዋት ሥራ ገብቼ ወለል ጠርጌ መጥቻለሁ፣ ድካምስ ደክሞኛል፣ ግን የሚጋደመው ሰውነቴ ብቻ ነው፣ ልቤ ቆሞ ይዞራል።

እህቴ የደወለችው ከትናንት በስቲያ ነው። ታናሼ ናት፣ ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። "እትዬ፣ እንዳትደነግጪ" አለችኝ። እንዳትደነግጪ ብሎ የጀመረ ሰው ደህና ወሬ አውርቶ አያውቅም። "ምን ሆነች?" አልኳት። "ማን?" አለች። ሌላ ማን አለኝና ነው ማን የምትለኝ! "ጉሮሮዋ ላይ እብጠት አግኝተዋል፤ ይቆረጥ ተብሏል።" "ጉሮሮዋ?" "እብጠቱ፣ እትዬ፣ እብጠቱ! አንቺ ደግሞ!" ከዚያ እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ያ ጩኸት ነው እንዲህ ያደረጋት፣ ያ የሰይጣን ዘፈን" አለች። ተናግሬ ነበር ልል አፌ ላይ መጣልኝ። እኔ ተናግሬ ነበር የማልልበት ነገር የለም፣ ዝናብ ቢዘንብም ተናግሬ ነበር እላለሁ። ያን ቀን ግን ዋጥኩት፣ እስካሁንም አልወረደልኝም።

ትቻት ስመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አንዲት አልጋ የያዘች ባልቴት ላስታምም ወደዚህ ሰው አገር መጣሁ፣ ሁለት ዓመት ብዬ ነው የመጣሁት፣ ባልቴቷም ሞተች፣ ሁለት ዓመቱም ሞተ፣ እኔ ይሄው አለሁ። ልጄ ዝምተኛ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ኋላ ቆማ በእግሯ ጣት ወለል የምትፍቅ፣ ተናገሪ ሲሏት አንገቷን የምትሰብር። የእሷን ጉድ ነው እንግዲህ የምሰማው። አራት ዓመት እንዳለፈ እህቴ ትደውላለች። "እትዬ፣ ልጅቷ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ከንፈሯ ሳይቀር ጥቁር።" "ማን ሞተባት?" አልኩ። "ሸሚዟ ላይ ደግሞ ቀንዳም ነገር አለ።" "የምን ቀንድ?" "የፍየል ነው የሚመስለው።" "እንግዲያ ፍየል ነዋ!" ብዬ ሳቅሁ፣ ፍየል አልቤ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ፍየል ጎመን ይበላል እንጂ ሰው ሲያሳስት አላየሁም። "መስቀል ዘቅዝቃ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች" ስትለኝ ሳቄ ቆመ።

ጓደኞች አሏት አለች፣ ሦስት ወንዶች፣ ከበሮና ጊታር ያላቸው፣ እንደሷ ጥቁር የለበሱ፣ ሰላምታቸው ግን ጨዋ ነው፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት። የጫማው ነገር አላጽናናኝም። አንድ ቀን ሥራ ቦታ የሰው ኮት እየተቀበልኩ ነኝ፣ እህቴ ደወለች፣ "ስሚ" ብላ ስልኩን ከልጅቷ ክፍል በር ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ውስጥ የወጣው የሰው ድምፅ አይደለም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲጎተት፣ ከሥሩ ውሃ ሲፈላ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ቃል አለው፣ ቃሉ ግን አይያዝም። "ማን ነው ውስጥ ያለው?" አልኳት። "ብቻዋን ናት" አለች። እጄ ላይ የነበረው የሰው ኮት ወደቀ።

እህቴ ደብተሯንም አገላብጣ አነበበችልኝ፣ ለማስረጃ። ግጥም ነው። ሰይጣን፣ ገደል፣ አመድ፣ እሳት፣ እየመረጠች ነው የምታነብልኝ። አንዱን አልረሳሁትም፦ "ከብርሃን ቤት ያስወጡኝ ብርሃኑን ይዘው ቀሩ፣ ጨለማ ስሜን ያውቃል፣ እነሱ ግን አይጠሩኝም።" ጨለማ ስሜን ያውቃል ስትል ሁለታችንም ጮኽን። ስሟን አውቆታል በቃ! መዝግቧታል! አልን። ከቤት ማን ወጣ ብለን አልጠየቅንም። እህቴም አልጠየቀችም፣ እኔም ከወጣሁበት ሆኜ አልጠየቅኩም።

ከዚህ ሆኜ ያን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። በር ይቀባ ካልኩ ይቀባል፣ ሠራተኛ ትውጣ ካልኩ ትወጣለች። ሰይጣን የሚያስወጣ ጸሎተኛ አምጪ አልኳት፣ አመጣች። ጎረቤት ተጠራ፣ ሰፈሩ ሁሉ ገባ፣ ስልኩ ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ ተደርጎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ በስልክ አለሁ፣ እናትየው ነኝ። አራት ሴቶች ሆነው ያዟት፣ አንዷ እህቴ ናት። ጸሎተኛው ይጮሃል፣ "ማነህ? ከየት መጣህ? ስምህን ተናገር!" ልጄ አልተናገረችም። "እማዬን ስጡኝ" አለች መጨረሻ ላይ፣ ጸሎተኛው ይፈቀድለት አለ፣ አፏን ወደ ስልኩ አስጠጓት። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አለች። "እማዬ፣ ዘፈን ነው። ንገሪያቸው።" እኔስ ምን አልኩ? "አንተ ርኩስ! በልጄ ድምፅ ልታታልለኝ ነው? ውጣ ከልጄ!" አልኩ። ቤቱ እልል አለ። ጸሎተኛው "እናትየዋን ፈርቷል፣ ይጨምሩበት" አለኝ። ጨመርኩበት። ከጠዋት ሦስት ሰዓት ተጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እያለቀሰች፣ እየለመነች፣ ድምጿ እስኪሰነጠቅ፣ መጨረሻ ላይ በዚያ በድንጋዩ ድምፅ "እሺ፣ ወጣሁ" አለች። እልልታው ስልኩን ሊሰብረው ነበር።

መንፈስ መስሎኝ ነው። ለሰው ሁሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ደግሞስ ሰው ምን አለኝ? ሰይጣን በስልክ ያስወጣችው ሴትዮ አሉኝ! ዝናዬ ወጣ። ከማላውቀው ሰፈር ሁለት እናቶች ደውለው ልጆቻችንን ገሥጪልን ብለዋል፣ አንደኛውን ገሥጬላቸዋለሁ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ልጅ ነው፣ "አንተ" አልኩት፣ "ማነህ?" አልኩት፣ ስሙን ከነአባቱ ነገረኝ። አሁን ሳስበው ይህም ያስቃል፣ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤቴ ግድግዳውን ይመታል። እዚህ አገር ሳቅም በሰዓት ነው።

ልጄ በሳምንቷ ልብሷን ሰብስባ ወጣች። ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራየች። ስደውል አታነሳም፣ እህቴን ልትጠይቅ ስትመጣ በእሷ ስልክ ስደውል ድምፄን ስትሰማ ስልኩን መልሳ ትሰጣታለች። እህቴን ግን ይቅር አለቻት። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። እጇን ጠምዝዛ የያዘቻትን፣ ጉልበቷን ጭኗ ላይ ጭና የቆየችውን ይቅር ብላ ሲያማት እንኳን እሷው ቤት መጥታ ተኛች፣ በጣቴ ያልነካኋት እኔ ነኝ የተጠላሁት። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ተብሰከሰኩ። እንዳልገባኝ ሆኜ።

አሁን የምሠራው ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ጠዋት ወለል እጠርጋለሁ፣ ዝግጅት ሲኖር ደግሞ የሰው ኮት ተቀብዬ ቁጥር እሰጣለሁ። ቁጥር አይጠፋብኝም፣ ፊደል ነው እንጂ የሚያስለፋኝ። አምና እነዚያው መጡ። የኔ ልጅ ዓይነቶቹ። ገና ከቀትር በኋላ በሩ ላይ ተሰልፈዋል፣ ሦስት መቶ ሰው፣ ሦስት መቶ ጥቁር ኮት፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን ባልሰጥ ኖሮ የማን የማን እንደሆነ ሰይጣን ራሱ ቢመጣ አይለየውም። ሸሚዛቸው ላይ ጽሑፍ አለ፣ የእሾህ ክምር ይመስላል፣ ከሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይመስላል። ማንበብ ያቃተኝ እኔ ባልማር ነው ብዬ ሳፍር የተማረችዋ አለቃዬም አንገቷን አዘንብላ አዘንብላ አቃታት። ያን ቀን ልቤ ትንሽ ጠገበ፣ እውነቱን ልናገር። እስከ ዛሬ እንደነሱ ጨዋ ሕዝብ አልገጠመኝም። አይጋፉም። ኮታቸውን አጣጥፈው ነው የሚሰጡኝ። ፍየል ያለበት ሸሚዝ የለበሰ ግዙፍ ሰው "ደክሞሽ ይሆናል፣ ተቀመጪ" አለኝ። ሠርግ ላይ እንኳን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

አለቃዬ የጆሮ መድፈኛ ሰጥታ ፈርሚ አለችኝ፣ ጆሮሽ ቢደነቁር እኛን አትጠይቂን የሚል ወረቀት ነው። ፈረምኩ። ከዚያ ለዘፋኙ ሙቅ ውሃ አድርሺለት ተባልኩ። ገባሁ። ፊቱን ግማሹን ነጭ ግማሹን ጥቁር ተቀብቶ፣ ክንዱ ላይ ሚስማር የተተከለበት ቆዳ አስሮ፣ ደረቱ ላይ መስቀል ዘቅዝቆ፣ አንገቱ ላይ ደግሞ አያቱ የሠራችለት የሚመስል የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሞ ተቀምጧል። ውሃውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። የአንደኛው ክንድ ማሰሪያ አልደርስ ብሎታል፣ "ትረጂኛለሽ?" አለኝ፣ ሰይጣንን አስታጠቅኩት እንግዲህ። ያስታጠቅኩትን ሰው ደግሞ ሳልጠይቅ አልወጣም። ቋንቋቸው አፌ ላይ ቢሰባበርም ጥያቄ አያቅተኝም።

"አንተ፣ ሰይጣን ታመልካለህ?" አልኩት።

"ልጆቼን ከትምህርት ቤት በሰዓቱ ማውጣት አቅቶኛል፣ እሱን መቼ ደርሼ አመልካለሁ" አለኝ።

ሳቄን ዋጥኩት። "ታዲያ ይህ ሁሉ ቀንድ ምንድነው? መስቀሉስ ምን አደረገህ?"

ውሃውን ፉት አለ። ከመካከላችን የምራቸውን የሚያመልኩት አሉ፣ አልዋሽሽም አለ። ጥላቻ ያለባቸውም አሉ፣ ሰው ሲደነግጥ ማየት የሚወዱም አሉ። "እኔ ግን" አለ፣ "አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ከቤት አስወጡኝ። ሰይጣንም በጥንቱ ታሪክ ከቤት የተባረረ ነው፣ የሱን ወገን ታሪክ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ስለ አባቴ መዝፈን አልቻልኩም፣ ስለ እሱ ዘፈንኩ። ዘፈኖቼን ብትሰሚያቸው ግማሹ ለቅሶ ነው።" እኔ ተቆጣሁ። እሱን የመሰለ ጠላት ለምን ለለቅሶ ትጠራለህ፣ አልኩት፣ የሰው ዘመድ አጥተህ ነው? "አዎ" አለኝ። እንዲሁ አዎ።

ከዚያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኩት። እጄን ይዞ ሆዱ ላይ አደረገው፣ አፉን እምብዛም ሳይከፍት አወጣው። እሱው ነው። ድንጋዩ፣ የሚፈላው ውሃ፣ በቁልፍ ቀዳዳ የሰማሁት። ሆዱ ከእጄ ሥር እንደ ወናፍ ይሠራል፣ ፊቱ ግን ዳቦ እንደሚጋግር ሰው ረጋ ያለ ነው። ጨርሶ ሻርፑን አስተካከለ። ልጄ በሯን ዘግታ ይህን ስትለማመድ ነበር፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ብቻዋን፣ ከመስታወት ፊት ይሆናል። "ጉሮሮ አይጎዳም?" አልኩት። "በትክክል ከሠሩት ብዙም አይጎዳም" አለኝ። "የሚሰነጥቀው የውሸቱ ጩኸት አይደለም። የእውነቱ ነው። ሰው ሲለምን፣ ሰሚ ሲያጣ፣ ያን ጊዜ ከሆድ አይደለም የሚወጣው፣ ከዚህ ነው" ብሎ ጉሮሮውን ነካ። ሐኪም አይደለም፣ ዘፋኝ ነው፣ ያኔ ስለ እብጠት የሰማሁት ነገር አልነበረም፣ አሁንም ማን እንዳመጣው አላውቅም። ግን የጸሎቱን ቀን ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆጠርኩት። ስድስት ሰዓት ነው። ወደ ኮቶቹ ተመልሼ መድፈኛውን ጆሮዬ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ወንበሬ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ አመሸ፣ ስድስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት እያለኝ።

አሁን ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ነጠላ ቀየርኩ፣ በስልክ ለማይታይ። መንፈስ መስሎኝ ነው ብዬ ልጀምር ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ ሞከርኩት፣ "መንፈስ መስሎኝ ነው፣ ልጄ፣ አላወቅኩሽም።" ከአፌ ሲወጣ እንደ ርካሽ ልብስ ነው ቀለሙን የለቀቀው። ሞኝሽን ፈልጊ አልኩ ለራሴ። አውቄያታለሁ። እማዬ ስትል ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዛት እንደምታደርገው መጨረሻውን ሳብ ታደርገዋለች፣ ያን ቀንም ሳብ አድርጋዋለች፣ የገዛ እጄን እንደማውቀው አወቅኳት። ግን ቤቱ በሰው ሞልቷል። እኔ በስልክ የተሰየምኩ እናት ነኝ። ተዉአት፣ ልጄው ናት፣ ዘፈን ነው ብል፣ ጎረቤቱ ምን ብሎ ይበተናል? እናቷ ጥላት ሄዳ ተበላሸች፣ ያላሳደገችውን ከየት ታውቀው፣ ይላላ! ሰይጣን ካለባት ጥፋቱ የሰይጣን ነው። ሰይጣን ከሌለባት ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? በሁለት ቃል መካከል ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ አንተ ርኩስ አልኳት። የሆነው ይህ ነው። አድርጌዋለሁ። ሰይጣኑ እንዲኖርባት የፈለግኩት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ። ደወልኩ። በርካሽ የሚያስደውለው መስመር ላይ የምትናገር ማሽን አለች፣ አንድ ተጫኚ፣ ሁለት ተጫኚ፣ ጥሪሽ ለኛ ክብር ነው ትላለች፣ ለሷ እንኳን ክብር ነኝ። ከዚያ እህቴ፣ "እትዬ!" "አጠገቧ ነሽ?" አልኳት። "አጠገቧ ነኝ።" "ስጫት።" ዝም። "ስጫት እንጂ!" "እትዬ፣ ሐኪሙ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እንዳትናገር ብሏታል። ማንሾካሾክም የለም። ትሰማሻለች፣ አትመልስልሽም።" ስድስት ዓመት ጠብቄ በግማሽ ቀን አመለጠኝ። "እሺ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊና አንቺ ውጪልኝ" አልኳት። "እንዴት ልውጣ፣ ግራ እጇ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ በቀኟ እርሳስ ይዛለች፣ የፈለገችውን በሱ ነው የምትነግረን፣ ስልኩን ማን ይያዝላት? ተናገሪ፣ ድምፅሽን ለሁለታችንም ከፍቼዋለሁ።" ለእህቴም! እህቴ ፊት!

ስለ ብርዱ አወራሁ። ስለ ኮቶቹ አወራሁ። አንድ እንደ እናንተ የሚዘፍን ሰው ውሃ አቀበልኩ አልኩ፣ ሻርፕ አለው፣ ሆዱን አስነካኝ፣ እህቴ "ምኑን?" አለች፣ ዝም በይ አልኳት። ከወዲያ ምንም የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ እየሄደ የሚመጣ። ለዝምታ ተናግሬ አላውቅም፣ ሰው አፍ አፌን ካላለኝ ቃሌ አይቆምልኝም። ከአልጋው ተነስቼ ቆምኩ፣ ግድግዳውን ያዝኩ።

"ልጄ" አልኩ። "ያን ቀን እማዬ እኔ ነኝ ስትዪኝ አውቄሻለሁ። መንፈስ አልመሰለኝም። አንቺ እንደሆንሽ አውቄ ነው አንተ ርኩስ ያልኩሽ። ሰው ፈርቼ ነው። ኩራቴን ፈርቼ ነው። አጠፋሁ።"

አጠፋሁ የሚለውን ቃል እስከ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ድረስ አፌ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም፣ ጣዕሙን አሁን ነው ያወቅኩት። ከወዲያ መጀመሪያ የመጣው የእህቴ ድምፅ ነው። "ምን አልሽ? እትዬ፣ ምን አልሽ? እጇን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ! አጥብቀሽ ያዥው ስትዪኝ! ጣቶቼ ክንዷ ላይ ታትመው ቀርተው ነበር፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ..." አልቻለችም፣ ተንሰቀሰቀች። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፣ መብቷ ነው፣ አልሰደበችኝም። ከልቅሶዋ ሥር ሌላ ነገር ሰማሁ፣ ፍቅ ፍቅ የሚል፣ ወረቀት ላይ።

"እየጻፈች ነው?"

"እየጻፈች ነው።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ቆይ... ቆይ መነጽሬን..."

"አንብቢልኝ።"

እህቴም ከኔ የበለጠ አልተማረችም፣ ቃል በቃል ነው የምታነበው። "'እማዬ ስልሽ... ትንፋሽሽን... ያዝ አድርገሽው ነበር። ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ... እንዳወቅሽኝ... ገብቶኛል።'" ቀጠለች። "'እነሱ አላወቁኝም፣ አንቺ ግን አውቀሽኝ ነው'... እንዲህ ነው የሚለው፣ እትዬ።"

ስለዚህ ነው። እህቴን ይቅር ብላ እኔን የተወችኝ ስለዚህ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የደበቅኩትን ነገር ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ይዛው ነበር፣ ለማንም ሳትናገር፣ ለእህቴ እንኳን ሳትናገር፣ እኔን ሰው ፊት ሳታዋርድ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሌላስ?" አልኩ። "ሌላ ምን ጻፈች?"

"ሌላ የለም።"

"ወረቀቱን ገልብጪው።"

"ገለበጥኩት፣ እትዬ። ባዶ ነው።"

"ፊቷስ? ፊቷን እይልኝ።"

"ወደ መስኮቱ ዞራለች።"

ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ይሄዳል ይመጣል። ልዝጋው ወይስ አልዝጋው አላልኩም፣ እሷ እስካልዘጋችው ድረስ አልዘጋውም፣ እዚሁ ወለል ላይ እቀመጣለሁ። ብዙ ቆይቶ እህቴ ድምጿን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ የተኛ ሰው አጠገብ እንዳለች ሆና፣

"እትዬ" አለችኝ።

"ወይ።"

"እርሳሱን ግን አላስቀመጠችውም።"